የልጅ ልጄን አርባ ስድስት ላደረገው ጽሕፈት ቤት

ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ ኤልያብ ደባልቄ
የቀርከሃ ሰፈር ሕፃናት ማቆያ ማዕከል ኃላፊ
አሶሳ

ጉዳዩ፦ ለሦስት ቀን ተብለው የተወሰዱ ሦስት ደብተሮች አምስት ወር ስለማለፋቸው

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ወንበርዎ ለወገብዎ፣ ማራገቢያዎ ለራስዎ እንደተስማማዎት ተስፋ አደርጋለሁ። የአሶሳ የጥር ፀሐይ ሰው ያደክማል፤ ስለዚህ ለአራት ማመልከቻዎቼ መልስ ያልጻፉልኝ ከድካም እንጂ ከንቀት አለመሆኑን ለራሴ ስነግረው ከርሜአለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደህና አይደለም፤ ጉልበቴ ግን በእርስዎ ቢሮ የሚታይ ጉዳይ ስላልሆነ አላነሳውም። የልጅ ልጄ ሐኒም ደህና ናት። የቀሩት አርባ አምስቱ ስላልተወለዱ አይታመሙም፤ ለእነሱ አልጨነቅም።

ይህን ደብዳቤ በሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ለሚያነብ ሰው ነገሩ እንዲገባው ከመነሻው ልጀምር።

ሐኒ የልጄ የሸዋሉል ልጅ ናት። ሸዋሉል ቶንጎ የተመደበች መምህርት ስትሆን፣ የሐኒ አባት ልጁን ሳያይ በመኪና አደጋ አርፏል። ሐኒ ሰባት ወር ሲሆናት ቶንጎ ላይ ወባ ያዛት፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ለሕክምና አሶሳ የደረሰችው በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ከእኔ ዘንድ እንድትቆይ ወሰንኩ። እናቷ አልቅሳ ተከራከረችኝ። እኔ የወሰንኩትን አልለውጥም፤ ነገር ግን አንድ ቃል ገባሁላት። አንቺ የማታዪውን ሁሉ እኔ እጽፈዋለሁ አልኳት። ልጄ ያን ጊዜ ነው እጇን ከልጅቱ ላይ ያነሳችው።

በቃሌ መሠረት በየቀኑ ጻፍኩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ትምህርት ቤት ገብቼ አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ከወሎ በሠፈራ ስንመጣ የእርዳታ ስንዴ የሚወስዱ ሰዎች ስም በሰሌዳ ላይ ይለጠፍ ነበርና፣ ስሜን ሌላ ሰው እንዲፈልግልኝ መለመን ስላስጠላኝ «ቢሻው» የሚለውን ብቻዬን አጠናሁ፤ ከዚያ የጎረቤቶቼን ስም፣ ከዚያ የቀረውን። ስለዚህ አጻጻፌ እንደ ስም ዝርዝር ደረቅ ነው። «ዛሬ ሰባት ጊዜ ወደቀች። ስድስቱ በራሷ ጥፋት ነው፤ በሰባተኛው ሀይደር ገፍቷት ነው። ሀይደር ተገሥጿል።» «ሳሙና ቀመሰች። ተከለከለች። ደግማ ቀመሰች።» እንዲህ ነው የምጽፈው።

ሀይደር የጎረቤቴ የነዕማ ልጅ፣ የሐኒ እኩያ ነው። ነዕማ የበርታ ሴት ናት፤ እኔ ጉዳይ ሲኖረኝ ሁለቱን አንድ ላይ የምትይዛቸው እሷ ናት። ስጽፍ ባየችኝ ቁጥር «ጋሽ ቢሻው፣ አንተ ሁልጊዜ ምን ትጽፋለህ? ልጅ ይበላል፣ ልጅ ይወድቃል፣ ልጅ ይተኛል። ኸላስ! ምኑ ነው የሚጻፈው?» እያለች ትስቅብኛለች። ከእሷ የተነሳ ልጅቱም በልታ ስትጠግብ ሳህኑን ገፍታ «ኸላስ» ትላለች። ይህም ተጽፏል።

እናቷ መንገድ ሲከፈት፣ ለበዓል ወይም ለዕረፍት ትመጣለች። ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ቁጭ ብላ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ታነባለች። ሐኒ በእነዚያ ሰዓታት ከበሩ ኋላ ቆማ የማታውቃትን ሴት ትመረምራለች። አምና ጥር ላይ ሸዋሉል አንብባ ስትጨርስ ቀና አለችና «ያ አንድ ዐይናው ዶሮ የታለ?» አለቻት። ልጅቱ ትንሽ አሰበች፣ መጣች፣ የእናቷን ጣት ያዘችና ወደ ነዕማ ግቢ እየጎተተች ወሰደቻት። በዚያች አንድ ጥያቄ ተዋወቁ። ደብተሩ ጥቅሙ ይኸው ነበር፤ ሌላ ጥቅም አልነበረውም፤ ለሪፖርትም አልተጻፈም።

አሁን ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ነሐሴ 12 ቀን ባለፈው ዓመት ቤቴ ድረስ በእግርዎ ስለመጡልኝ አመሰግናለሁ። ማዕከልዎ ሊከፈት መሆኑን፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የመጡልዎት መጻሕፍት የሌላ አገር ሕፃናትን የሚያውቁ እንጂ የእኛን የማያውቁ መሆኑን በትሕትና አስረዱኝ። ሐኒን በጉልበትዎ ላይ አስቀመጧት፤ ሸሚዝዎን በቆሎ ቀባችው፤ «ግድ የለም ጋሼ» አሉ። ከዚያም ሦስቱን ደብተሮች ለሦስት ቀን እንዳውስዎት ጠየቁኝ። ሦስተኛውን ደብተር፣ ማለትም ከየካቲት እስከ ነሐሴ ያለውን፣ እናቷ ገና እንዳላነበበችው ነግሬዎት ነበር። «ለአርብ በእጄ አመጣዋለሁ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሃያ አንድ አርብ ያህል አልፏል። የትኛው አርብ እንደሆነ ሳልጠይቅ መቅረቴ የእኔ ጥፋት ነው።

ሁለተኛ፦ በጥቅምት ወር በማዕከሉ ምርቃት ላይ ከፊት ወንበር ስላስቀመጡኝ አመሰግናለሁ። ጆሮዬ ስለደከመ ከኋላ ቢያስቀምጡኝ ኖሮ በድምፅ ማጉያ የተነበበውን ሪፖርት አልሰማውም ነበር። «በማዕከላችን የቅርብ ክትትል የተደረገላቸው አርባ ስድስት ሕፃናት» ሲሉ ደስ አለኝ፤ በሰፈራችን ይህን ያህል ሥራ መሠራቱን አላውቅም ነበርና። ቀጥለው «ሕፃናቱ በአማካይ በአሥራ ሦስተኛው ወር፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው መራመድ ይጀምራሉ» ሲሉ ግን ወንበሬ ላይ ተስተካክዬ ተቀመጥኩ። ሁለት እጇን እንደ ኬላ ተፈታሽ ወደ ላይ አንስታ የተራመደች አንዲት ልጅ አውቃለሁ፤ ከነዕማ ማንጎ ሥር ጀምራ እስከ አጥሩ ድረስ፣ ኅዳር 9 ቀን፣ ዘጠኝ እርምጃ። «ሕፃናቱ ጨረቃን ዳቦ ብለው ይጠሯታል» አሉ። አርባ ስድስቱም! «ከቤት እንስሳት መካከል አንድ ዐይና አውራ ዶሮን አጥብቀው ይፈራሉ» አሉ። ክቡር ሆይ፣ በአሶሳ ከተማ እኔ የማውቀው አንድ ዐይና አውራ ዶሮ የነዕማ ብቻ ነው። ያ ዶሮ አርባ ስድስት ሕፃናትን በየቤታቸው እየዞረ አስፈራርቶ ከሆነ ጉዳዩ ለፖሊስ እንጂ ለምርቃት በዓል የሚቀርብ አይደለም። ነዕማ ከጎኔ ነበረች፤ «ዋላሂ ይሄ የእኔ ዶሮ ነው! ለምን ስሙን አልጠራም?» ብላ ጮክ ብላ ጠየቀችኝ። እንግዶቹ ሳቁ። እርስዎም ፈገግ ብለው ማንበብዎን ቀጠሉ። እኔን እያዩ ነበር፤ እኔም እርስዎን እያየሁ ነበር፤ ቀድመው ዐይንዎን የሰበሩት እርስዎ ነዎት።

ማዕከሉ በዚያ ቀን ገና አንድም ሕፃን አልመዘገበም ነበር። መጫወቻዎቹ እስካሁን ከነላስቲካቸው በመስኮት ይታያሉ። ሕፃን በሌለበት ቤት አርባ ስድስት ሕፃናትን በቅርብ የተከታተለ መሥሪያ ቤት ለማየት ስላበቁኝ ዕድሜዬ ረዝሞ መቆየቱን ወደድኩት።

ሦስተኛ፦ የሐኒን ፎቶግራፍ በማዕከሉ በር ላይ በትልቁ ስለሰቀሉት አመሰግናለሁ። ፎቶው መነሣቱን የሰማሁት ከተሰቀለ በኋላ ነው። በየማለዳው በዚያ በኩል ስናልፍ ልጅቱ ትቆምና «ሐኒ» ብላ በጣቷ ታሳየኛለች። ከዚያ ሄዳ የብረቱን በር በመዳፏ ትመታለች። የሚከፍት የለም። ከውጭ ያለችው ወደ ውስጥ እንድትገባ ነው ወይስ ከውስጥ ያለችው እንድትወጣላት የምትፈልገው፣ እስካሁን አልገባኝም፤ ሲገባኝ እጽፈዋለሁ።

አራተኛ፦ ስለ መዝገብ ቤትዎ ሥርዓት አመሰግናለሁ። ደብተሮቹን ልወስድ አራት ጊዜ መጥቻለሁ፤ እርስዎ አራቱንም ጊዜ ስብሰባ ላይ ነበሩ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ወይዘሮ ጣሂራ ግን ሁልጊዜ ወንበር ትሰጠኛለች። «አባባ፣ ደብተሮቹ ገቢ ሆነዋል። ገቢ የሆነ ሰነድ ወጪ የሚሆነው ባለቤቱ በማኅተም የተደገፈ ደብዳቤ ሲጽፍ ነው» አለችኝ። ባለቤቱ እኔ ነኝ አልኳት። «ግለሰብ ማኅተም የለውማ፣ አባባ» አለችኝ። ታዲያ ያለ ማኅተም የሰጠሁትን እንዴት በማኅተም እጠየቃለሁ ብላት፣ አንገቷን ደፍታ «እኔ ብሆን ዛሬውኑ አስይዤ እሸኝዎት ነበር፤ ከላይ ተነግሮኝ ነው» አለች። ማኅደሩን ከሩቅ አሳየችኝ። በላዩ ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ ተጽፏል። የአንዲት ሕፃን አሥራ አምስት ወር፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ዝርዝርና ከአጥር ጥገና ደብዳቤ ጋር አንድ ላይ ታስሯል።

አምስተኛ፦ ይህኛው በቀን ቅደም ተከተል ሁለተኛ መሆን ነበረበት። ወደ ኋላ ያቆየሁት ሌሎቹን ሳልቆጣ ጽፌ ለመጨረስ ነው።

ለመስቀል ሸዋሉል መጣች። ቦርሳዋን ከማስቀመጧ በፊት «ደብተሩስ፣ አባ?» አለችኝ። ለአቶ ኤልያብ አውሼዋለሁ፣ ለአርብ ይመልሰዋል አልኳት። ሐኒ ነዕማ በምትከናነበው ረጅም ጨርቅ፣ በቶቧ ውስጥ ተሸሸገች። እናቷ ብስኩት ዘረጋችላት፤ መጥታ ተቀበለቻትና ተመልሳ ወደ ነዕማ ሄደች፤ ለነዕማም «እንግዳ» ብላ በጣቷ አሳየቻት። ሸዋሉል ወደ እኔ ዞራ «አሁን ምን ትወዳለች፣ አባ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የምናገር ሰው አይደለሁም። በብዕር ካልሆነ አይመጣልኝም። «ትበላለች፤ ትተኛለች» አልኳት። ነዕማ እየሳቀችብኝ ስትለው የኖረችውን ቃል ለልጄ ሰጠኋት።

አምስት ቀን ቆየች። በአምስተኛው ቀን ጠዋት እኔ መናኸሪያ ሄጄ ወደ ቶንጎ የሚሄድ መኪና ቦታ ልይዝላት ቆሜ ሳለ፣ በኋላ ነዕማ እንደነገረችኝ፣ ሐኒ በራሷ ጊዜ ወደ እናቷ መጣች። ከአልጋዬ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ የደረቀ የማንጎ ፍሬ አውጥታ ከፊቷ አስቀመጠችላት። ሸዋሉል ፈትታ አየችው፤ የቆሸሸ፣ ቃጫው የተንጨባረረ የማንጎ ፍሬ ነው። «ይሄ ያቆሽሽሻል፣ እናቴ» አለችና በመስኮት ወደ ቦዩ ወረወረችው።

በሦስተኛው ደብተር፣ ግንቦት 19 ቀን፣ በቃሌ እንደማስታውሰው የሚከተለው ተጽፏል፦ «የበላችውን የማንጎ ፍሬ አልጥል አለች። ቃጫውን እንደ ፀጉር በጣቷ አበጠረች። በጨርቅ ጠቅልላ እንዳዝልላት ጠየቀች፤ አዘልኩላት። ስሙ ማን ነው ብላት ‹ሕፃን› አለች። ከአልጋዬ ሥር አስተኛችው። ለማንም አታሳይም፤ ለእኔ ብቻ።» ከዚያ በኋላ ለነዕማም ለሀይደርም ሳታሳይ ከረመች። ለእናቷ ግን በአምስተኛው ቀን ልታሳያት ወሰነች። ልጄ ያን ገጽ አንብባ ቢሆን ኖሮ አንስታ ታዝለው ነበር።

መኪናው እስኪነሳ ድረስ ልጅቱ እናቷን አላስነካችም። ሸዋሉል ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ሄደች። ነዕማ በማግስቱ ፍሬውን ከቦዩ ፈልጋ አጥባ አመጣችው፤ እየሳቀች አልነበረም። ሐኒ ተቀበለችና ከአልጋዬ ሥር ሳይሆን ነዕማ ቤት፣ ከማሽላው ከረጢት ኋላ ወሰደችው። በአራተኛው ደብተር የመጀመሪያ ገጾች ላይ «ከእናቷ መደበቅን ተማረች» ብዬ ጽፌአለሁ። ያን ዓረፍተ ነገር እኔ ጻፍኩት፤ ያስተማሯት ግን እርስዎ ነዎት።

ስለ ማንጎው ፍሬ በሪፖርትዎ ውስጥ አንድም ቃል አልነበረም። ለአርባ ስድስት ሕፃናት የማይከፋፈል ሆኖብዎት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንቱታውን ለጥቂት መስመር ወደ ጎን ላድርገው፤ ከዚያ እመልሰዋለሁ።

ኤልያብ፣ አባትህ ደባልቄና እኔ በአንድ መኪና ተጭነን ነው የመጣነው። አንተ የመጀመሪያ እርምጃህን የተራመድከው በእኔ ጎጆ ደጃፍ ነው፤ አባትህ ማሽላ አጨዳ ላይ ነበር። ማታ ሲመለስ ነገርኩት። ያን ጊዜ ደብተር አልነበረኝም፤ በአፌ ነገርኩት፤ በሁለት አረፍተ ነገር። አባትህ ከነማጭዱ ቆሞ «እስቲ ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። «በየትኛው እግሩ ጀመረ?» አለኝ። አላየሁም ነበር፤ አላየሁም አልኩት። እስኪሞት ድረስ በየበዓሉ እየቀለደ በዚያች ይወቅሰኝ ነበር፤ «ቢሻው የልጄን እግር ያላየ ሰው ነው» እያለ። ደብተር የያዝኩት በእሱ ምክንያት ነው። ሐኒ በግራ እግሯ እንደጀመረች የጻፍኩት በእሱ ምክንያት ነው። ይህን ታሪክ ነሐሴ ላይ ለአንተ ነግሬህ ዐይንህ እንባ ሞልቶ ነበር። ደብተሮቹን የሰጠሁት ለኃላፊው አልነበረም፤ ለደባልቄ ልጅ ነው። ኃላፊው ወሰዳቸው።

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። አንቱታው ተመልሷል።

አሁን የምጠይቀው አጭር ነው። ሸዋሉል ለመንፈቅ ዓመት ዕረፍት በጥር መጨረሻ ሳምንት ትመጣለች፤ መንገዱ ክፍት ነው ብላ ደውላለች። ሐኒ በዚህ ጊዜ ሁለት ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፤ የምታውቀው በዝቷል፣ የምትሸሽገውም በዝቷል። ልጄ ደጃፌ ስትደርስ ሦስተኛውን ደብተር በእጇ መስጠት እፈልጋለሁ። የቀሩትን ሁለቱን አንብባቸዋለች፤ እነሱን ለመሥሪያ ቤትዎ ክብር ሲሉ ለጥቂት ጊዜ ማቆየት ከፈለጉ እንደራደር። ሪፖርትዎንም አላስቀይርም። አርባ ስድስቱን ሕፃናት ያሳድጓቸው፤ እኔ የአንዷን ብቻ ነው የምፈልገው።

ማዕከሉ ሲከፈት ሐኒ የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ እንድትሆን ስላቀረቡልኝ ዕድልም አመሰግናለሁ። አልቀበልም። አንዷን ወደ አርባ ስድስት ያበዛ ቤት፣ አርባ ስድስቱ በእውነት ሲመጡ ስንት እንደሚያደርጋቸው ሳላይ የልጅ ልጄን አልሰጥም።

ለተሰጠኝ ወንበር፣ ለተነበበልኝ የራሴ ጽሑፍ፣ ለተሰቀለልኝ የልጅ ልጄ ፊትና ገና ለሚመጣው አርብ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽሁ፣ የእርስዎን ጤና፣ የማራገቢያዎን መዞር፣ የማኅደሮችዎንም ከምስጥ መጠበቅ ከልቤ የምመኝ፣

ቢሻው ይመር
የሐኒ አያት፣ የደባልቄ ጎረቤት

ግልባጭ፦
– ለሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፤ በቁመት ልክ እንዲለጠፍ።
– ለወይዘሮ ነዕማ፤ ማንበብ ስለማትችል ማንጎዋ ሥር ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። የዶሮው ጉዳይ እንዲነሳ የጠየቀችው እሷ ናት።
– ለመዝገብ ቤት፤ «ልዩ ልዩ» ውስጥ እንዳይገባ።

ማስታወሻ፦ ባለቤቱ በማኅተም ደግፎ እንዲጠይቅ ሥርዓትዎ ስለሚያዝ፣ የደብተሮቹ ባለቤት ሐኒ ራሷ መሆኗን አምኜ ማኅተሟን ከግርጌ አስደርጌአለሁ። የቀኝ መዳፏ ነው፤ አምስቱም ጣቶች ይታያሉ። ቀለሙ ትክክለኛ የማኅተም ቀለም ነው፤ የሰጠኝን ሰው ስም አልጠቅስም፣ በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ አንድ ደግ ሰው መኖሩን ግን ይወቁ። አትማ ስትጨርስ «ኸላስ» ብላለች። ውሳኔዎ እንደ ልማዱ ከዘገየ ማኅተሙ ያድጋል፤ ያን ጊዜ ሲያመሳክሩት ከዚህኛው ጋር አይገጥምም። ምን ያህል እንዳደገ በአራተኛው ደብተር ላይ በየወሩ እየለካሁ እጽፋለሁ። አራተኛውን አላውስም።